ስለ ፑል መምቻ ዘንግ የጫፍ ቆዳ አለዋወጥና ስለ ንግዱ

አንድ ዕቃ አገልግሎቱን ሲያቋርጥ የተበላሸው ሁለንተናው ነው ወይስ አንዲት ክፍሉ ብቻ ናት ብሎ መመርመር የነጋዴ ጠባይ ነው። ወፍጮ ቢቆም ቀበቶው፣ የልብስ ስፌት መኪና ቢያስቸግር መርፌው አስቀድሞ ይታያል እንጂ ዕቃው በሞላው አይጣልም። በፑል መጫወቻ ቤቶች ግን ይህ ልማድ ገና አልጸናም። ጥርባን፣ እንጅባራንና ዳንግላን በመሰሉ የአዊ ከተሞች፣ በመንገድ ዳር በቆርቆሮ ጥላ ሥር ከተዘረጋ የፑል ጠረጴዛ አጠገብ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ፣ ጫፋቸው የተበላ፣ ማንም የማያነሣቸው ዘንጎች ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም። ባለቤቱ «አርጅተዋል» ይላቸዋል። እንጨታቸው ግን አላረጀም። ያረጀው በጫፋቸው ላይ የነበረው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ክብ ቆዳ ነው።

ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም ከኋላው ያለው ኑሮ ትንሽ አይደለም። በትንንሽ ከተሞች የፑል ጠረጴዛ የሚያሠሩት ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ ያላገኙ ወጣቶች ናቸው፤ ጠረጴዛውም ተበድረው የገዙት ወይም በየወሩ ኪራይ የሚከፍሉበት ነው። ገቢው በጨዋታ ቍጥር የሚሰበሰብ ስለ ሆነ፣ ጠረጴዛው ሥራ ፈትቶ የቆመበት እያንዳንዱ ሰዓት ተመልሶ የማይገኝ ገንዘብ ነው። ሁለት ዘንግ ብቻ ያለው ቤት አንዱ ቢበላሽበት ተጫዋቾቹ የቀረውን እየተቀባበሉ ይጫወቱ ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲከተል ግን ደንበኛው ብዙ ሳይናገር ወደ ጎረቤት ያልፋል። ከዚህም የሚከፋው፣ ቆዳው አልቆ ነጩ አንገት ራሱ ኳሱን መምታት ከጀመረ አንገቱ ይሰነጠቃል፤ ኳሱም ይጫራል፤ ዘንጉ ሲያዳልጥ የጠረጴዛው ጨርቅ የሚቀደድበት ጊዜም አለ። ጨርቅ ማልበስ ደግሞ ባለሙያ የሚጠይቅ፣ ወጪውም የማይናቅ ሥራ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደ ተወደደ ነጋዴው ያውቀዋል። ስለሆነም በአንድ ቁራጭ ቆዳ የሚድነውን ዘንግ ጥሎ አዲስ ለመግዛት እስከ ባሕር ዳር መሄድ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ያስቆጫል።

ወደ ሥራው ከመግባት አስቀድሞ የክፍሎቹን ስም ለይቶ ማወቅ ይገባል። በጣሊያንኛ ስቴካ የሚባለው መምቻ ዘንግ ከጠንካራ እንጨት ይሠራል፤ ደኅናው ዓይነት ሜፕል ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ የተገኘ ነው። በቀጭኑ ጫፍ ላይ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የሚጠብቅ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከናስ የተሠራ አጭር አንገት አለ፤ በውጭ ገበያ ስሙ ፌሩል ነው። በአንገቱ ራስ ላይ የሚለጠፈው ክብ ቆዳ በንግድ ስሙ ቲፕ ይባላል፤ እዚህ ግን የጫፍ ቆዳ ተብሎ ይጠራል።

የፑል ኳስ ወርዱ 57.15 ሚሊሜትር፣ ክብደቱም ከ156 እስከ 170 ግራም ሲሆን፣ ተወልውሎ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ጠንካራ ነገር ነው። ዘንጉና ኳሱ ተነካክተው የሚቆዩት ለአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ወይም ከዚያ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ኳሱን ሳያዳልጠው ሊይዝ የሚችል ጠመኔ የተቀባ ቆዳ ነው። ባዶ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ኳሱን እምብርቱ ላይ ቢመታው ይገፋዋል፤ ከእምብርቱ ወጣ ብሎ፣ ኳሱን ለማሽከርከር ሲመታው ግን ይንሸራተታል። ተጫዋቹ «ዘንጉ ከዳኝ» የሚለው ይህን ነው።

ይህ ጥበብ የተገኘው ዘግይቶ ነው። አውሮፓውያን ቢሊያርድን ከ300 ዓመት በላይ በባዶ እንጨት ሲጫወቱ ከቆዩ በኋላ፣ ፍራንሷ ሚንጎ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን በ1807 እ.ኤ.አ. ገደማ ቆዳ የለበሰ ዘንግ ለሕዝብ አሳየ፤ ነገሩን ያሰበው በእስር ቤት ሳለ ነው ይባላል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን የጠመኔ ዓይነት ደግሞ ዊልያም ስፒንክስ የተባለው የቢሊያርድ ተጫዋችና ዊልያም ሆስኪንስ የተባለው የኬሚስትሪ ዐዋቂ በ1897 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፈጠራ መብት አስመዘገቡት። ስሙ ጠመኔ ይባል እንጂ እንደ አሸዋ የሚያሻክር ቅመም ያለበት ነውና ከጥቍር ሰሌዳ ጠመኔ ጋር ዝምድና የለውም። አንዳንዱ ለቍጠባ ብሎ የትምህርት ቤት ጠመኔ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል፤ ይህ ቆዳውን ያነጣዋል እንጂ ኳስ አያስይዘውም። በአገራችንም በኢጣሊያኖች በኩል ገብቶ በአዲስ አበባ የቆየው፣ ኳሱን በእጅ እየለቀቁ የሚጫወቱት የከረንቡላ ዓይነት ዘንግ የማይፈልግ ስለ ሆነ፣ የዘንግ አጠባበቅ ሙያ ከእርሱ ጋር ተያይዞ አልተስፋፋም ማለት ይቻላል።

የጫፍ ቆዳ የሚለወጥበት ጊዜ በዐይን ይታወቃል። ከአንገቱ በላይ ያለው የጎን ከፍታ ወደ 2 ሚሊሜትር ሲወርድ፣ ወይም ቆዳው ተሰንጥቆ ሽፋን ሽፋኑ ሲነሣ ዕድሜው አልቋል። እንደ እንጉዳይ ራስ ከአንገቱ ወጥቶ ወደ ጎን የተዘረጋ ቆዳ ግን ገና ከፍታ ካለው ጎኑን ቆርጦ ማስተካከል ይበቃል። እንደዚሁም ፊቱ ጠንክሮ የሚያብረቀርቅና ጠመኔ አልቀበል የሚል ቆዳ አላረጀም፤ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ጥቂት ቢያሻክሩት ወደ ሥራው ይመለሳል። ድምፅም ይመሰክራል፤ ቀድሞ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው አመታት በድንገት ከፈዘዘና እንደ መንኳኳት ከሆነ ሙጫው ለቋል ማለት ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ በማንኛውም የሕንፃ ዕቃ መደብር የሚገኝ ነው። አዲስ ምላጭ ወይም የወረቀት መቍረጫ ቢላዋ፣ አንድ ሻካራ (120 ቍጥር) እና አንድ ልስልስ (400 ቍጥር) ብርጭቆ ወረቀት፣ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ የመስተዋት ቁራጭ፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር፣ ሙጫ፣ አዲሱም ቆዳ ከተሰናዱ ሥራው ይጀመራል። ቶርኖ ያለው ጋራዥ በአቅራቢያ ቢኖር ይቀላል፤ ባይኖርም እጅ ይበቃል።

አሮጌው ቆዳ የሚነሣው ዘንጉን በጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ ምላጩን በቆዳውና በአንገቱ መካከል እያስገቡ፣ ዘንጉን ቀስ በቀስ እያሽከረከሩ ዙሪያውን በመቍረጥ ነው። ምላጩ ሁልጊዜ ከያዘው እጅ ራቅ ወዳለው አቅጣጫ ይሂድ። በአንድ ኃይል ገፍቶ ለመገንጠል የሚሞክር ሰው የአንገቱን ጠርዝ ይሸርፋል፤ የተሸረፈ አንገት ደግሞ ከቆዳው ይልቅ የከበደ ጣጣ ነው። ሙጫው እንዲለቅ ብሎ እሳት ማስጠጋትም ፈጽሞ አይገባም፤ የፕላስቲክ አንገት በሙቀት ቅርጹን ይለውጣልና።

ከሥራው ሁሉ ዋናው፣ ብዙ ሰውም ሳያስበው የሚዘልለው፣ የአንገቱን ራስ ማስተካከል ነው። አሮጌው ቆዳ ከተነሣ በኋላ የደረቀ ሙጫ ቅሪት በአንገቱ ላይ ይቀራል። ዐይን ላይ ጠፍጣፋ ቢመስልም በመካከሉ ጉብ ያለ ወይም በአንድ ጎኑ ዘምበል ያለ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ወለል ላይ የተለጠፈ ቆዳ የሚይዘው በከፊሉ ብቻ ነው፤ ለጥቂት ቀን ይቆይና አንድ ኃይለኛ ምት ሲመጣ ይወልቃል፤ ከዚያም ሙጫው ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን የሙጫው አይደለም። ስለዚህ ሻካራውን ብርጭቆ ወረቀት በመስተዋቱ ላይ አንጥፎ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ አቍሞ፣ ጫፉን በወረቀቱ ላይ በትንሽ በትንሹ ማሸት፣ ከጥቂት ማሸት በኋላም ዘንጉን ሩብ ዙር እያዞሩ መድገም ያሻል። ዘንጉ ረዥም ስለ ሆነ ላይኛው ጫፍ ጥቂት ቢዘነብል ታችኛው ወለል ይጋደላል፤ ሁለተኛ ሰው ከጎን ቆሞ ቀጥታውን ቢመለከት መልካም ነው። ሲያበቃ የምላጩን ጠርዝ በአንገቱ ራስ ላይ አጋድሞ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ በሥሩ ብርሃን የሚያሾልክ ከሆነ ሥራው አላለቀም። ቢሆንም አንገቱ አጭር ነውና ቅሪቱ ከጠፋና ወለሉ ከቀና በኋላ ማሸቱን መቀጠል ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

አዲሱ ቆዳ ከአንገቱ ወርድ በጥቂት፣ ለምሳሌ በግማሽ ሚሊሜትር፣ ሰፋ ብሎ ይመረጣል፤ ትርፉ በኋላ ይቈረጣል። ጠቦ የተገኘ ቆዳ ግን የሚታከልለት የለም። የቆዳው ታችኛው ፊትም እንደ አንገቱ በመስተዋቱ ላይ ይታሻል፤ ፋብሪካው ያለሰለሰውን ፊት ሻካራ ማድረግ ሙጫውን ያስይዛል። በሥሩ ቀጭን የፋይበር ወረቀት የተለጠፈበት ዓይነት ካለ ማሸቱ ለስሙ ያህል ብቻ ይሁን፤ ወረቀቱን ማብሳት አያስፈልግም። ከታሹ በኋላ ሁለቱም ወለሎች በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋሉ፤ ጣት አይነካቸውም፤ የእጅ ወዝ የሙጫ ጠላት ነውና።

በሙጫ ረገድ በገበያው ሦስት ዓይነት ይገኛል። የእንጨት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ፕላስቲክን አይዝም። ጫማ ሰፊዎች የሚያውቁት ማስቲሽ ይይዛል፤ ነገር ግን ከደረቀ በኋላም እንደ ላስቲክ ስለሚለመጥ ቆዳው ከብዙ ምት በኋላ ወደ ጎን እየሸሸ ይሄዳል። ማስቲሽ ብቻ ካለ፣ በሁለቱም ወለል ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ሲነኩት የማይለጠፍ እስኪሆን አቆይቶ፣ ከዚያ በኃይል መጫን ነው፤ እርጥቡን እንደ ተቀባ የሚያጣብቅ ሰው ድካሙን ያባክናል። ከሁሉ የሚሻለው ሱፐር ግሉ የሚባለው ነው፤ ከእርሱም ውስጥ እንደ ውሃ ከሚፈሰው ይልቅ እንደ ማር የሚወፍረው ይመረጣል። ቀጭኑ ወደ ቆዳው ሥር ሰርጎ ቆዳውን እንደ ቀንድ ያደርቀዋል፤ በመለጠፊያው ወለል ላይም የሚበቃ ያህል አይቀርም። የወፈረው ሁለት ጠብታ በአንገቱ መካከል ይደረግና ቆዳው በላዩ ተቀምጦ ወዲያው መካከሉ ይስተካከላል፤ ለመስተካከያ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያም ዘንጉን ገልብጦ ጫፉን በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አስደግፎ አንድ ደቂቃ ያህል ቀጥ አድርጎ መጫን ይበቃል። አንድ ብልሃተኛ በብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቆዳውንና ዘንጉን አያይዞ ቢያስረውም አይነቀፍም።

ሙጫው ያዘ ማለት ደረቀ ማለት እንዳልሆነ በተለይ የአዊ ነጋዴ ሊያስበው ይገባል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ ዝናበኛና ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ክረምቱም ጠንካራ ነው። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ጊዜ በሞቃት ክፍል የተለካ ሊሆን ስለሚችል፣ በክረምት ለማስቲሽ አንድ ሙሉ ሌሊት፣ ለሱፐር ግሉም ቢያንስ አንድ ሰዓት መስጠት ይመረጣል። ማታ ጨዋታው ሲያበቃ ለጥፎ ጠዋት ቅርጹን ማውጣት ለባለቤቱም ገበያውን አያስቀርበትም።

ሙጫው ከደረቀ በኋላ ትርፉ ይቈረጣል። በአንገቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ሁለት ዙር ተጠምጥሞ፣ ዘንጉ ተገልብጦ የቆዳው ፊት በጣውላ ላይ ይቆማል፤ ምላጩም በአንገቱ ጎን እየተመራ ከላይ ወደ ጣውላው በቀጥታ ይወርዳል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይቈርጡ ቀጭን ቀጭን እያነሡ መዞር ነው። የተረፈው ልዩነት በልስልሱ ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከቆዳው ወደ አንገቱ ሲሸጋገሩ በጥፍር ሲዳሰስ ደረጃ የማይሰማ ከሆነ ተስተካክሏል። ከዚያ በኋላ የቆዳው ጎን በጥቂት ውሃ ርሶ በጫማ ቆዳ ቁራጭ ወይም በወፍራም ወረቀት እስኪሞቅና እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይወለወላል። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ የተወለወለ ጎን ይጠነክርና ቆዳው ወደ ጎን እንዳይዘረጋ ይይዘዋል።

የቆዳው ፊት ጠፍጣፋ ሆኖ አይቀርም፤ እንደ ጕልላት ክብ ይሆናል። ጠፍጣፋ ፊት ኳሱን ከእምብርቱ ወጣ ብሎ ሲመታ በጠርዙ ስለሚነካ ያዳልጣል። የተለመደው የኩርባ ልክ ወርዱ 21 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ሳንቲም ጠርዝ ነው፤ ከአገራችን ሳንቲሞች የ25 ሳንቲሙ ለዚህ ይቀርባል። ሳንቲሙን ከቆዳው አጠገብ ይዞ ሁለቱ ኩርባዎች እስኪመሳሰሉ ድረስ ከጠርዙ ወደ መካከሉ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ወረቀቱን በመዳፍ ላይ አጕብጦ ዘንጉን ማሽከርከር ኩርባውን እኩል ያወጣዋል። ጨርሶ ካሹለሉት ምቱ ስሑት ይሆናል፤ ቆዳውም ሳይሠራበት ግማሹ በብናኝ መልክ ይሄዳል።

በርካሹ ዘንግ ላይ ግን ሌላ ዓይነት አለ፤ ቆዳው ከትንሽ ናስ ወይም ፕላስቲክ ጋር ተያይዞ በብሎን የሚገባ ነው። እዚህ ሙጫም ምላጭም አይፈልግም፤ በጨርቅ ይዞ ማዞር ነው። ምቾቱ ግልጽ ቢሆንም ብሎኑ ከምት ብዛት ይላላል፤ የላላው ሲያንኳኳ ጥርሱ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ያሰፋዋል፤ የሰፋ ቀዳዳም አዲሱን አይቀበልም። ባለሱቁ ይህን ዓይነት ሲሸጥ የብሎኑን ውፍረትና ርዝመት ሳይለካ «ሁሉም ያው ነው» ብሎ እንዳያቀብል። ያው አይደለም።

ቆዳ በሦስት ደረጃ ይሸጣል፤ ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ። ለስላሳው ጠመኔ በደኅና ይይዛል፣ ኳስንም ያሽከረክራል፤ ግን ቶሎ ይጠፈጠፋል፤ ኤልክ ማስተር በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ ዕቃ ከዚህ ወገን ነው። ጠንካራው ዕድሜ አለው፤ ለጀማሪ ግን ያዳልጣል። ብዙ እጅ ለሚቀባበለው የሕዝብ መጫወቻ ቤት መካከለኛው ወይም ወደ ጠንካራው የሚያደላው ይመቻል። ቀጫጭን ቆዳ በላይ በላዩ ተለጣጥፎ የሚሠራውን ጃፓኖች ከፍ ካለ ደረጃ አድርሰውታል፤ ካሙይ የሚባለው ከዚህ ዓይነት ነው፤ ዋጋው ግን ለውድድር ተጫዋች እንጂ ለመንገድ ዳር ጠረጴዛ አይደለም። በአሜሪካ ተጫዋቾች ዘንድ ለስላሳውን ቆዳ ወተት ውስጥ ነክሮ፣ በሞርሳ ጨምቆ፣ ቀናት አድርቆ ማጠንከር የታወቀ ልማድ ነው። ወተት በማይጠፋበት በአዊ ምድር ይህ ሙከራ የሚያስወጣው ትዕግሥት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው አንድ ጥያቄ ቢያነሣ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ ጥንትም ዛሬም የቆዳ አገር ናት፤ የበጓ ሌጦ ለእጅ ጓንት በውጭ ገበያ ስም ያለው ነው። በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ የወጪ ንግድ ታክስ የተጣለው ቆዳው በአገር ውስጥ አልቆ እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ታዲያ የጣት ጥፍር የምታህል ክብ ቆዳ ስለምን በባሕር ተሻግራ ትመጣለች? መልሱ በከፊል በቆዳው ዓይነት ላይ ነው። የጫፍ ቆዳ የሚወጣው ከበሬ፣ ከጎሽ ወይም ከዐሣማ ቆዳ ነው፤ የበግ ሌጦ ለዚህ ይሳሳል። ከበሬውም ቢሆን ከጀርባው የሚገኘው ጥቅጥቅ ያለ ክፍል እንጂ የሆዱ ልል ቆዳ አይጠቅምም። በአንዳንድ ስፍራ ጫማ ሰፊ ከሶል ትርፍ ክብ ቈርጦ የሚለጥፈው በጥቂት ቀን ወደ ጎን የሚዘረጋው ቆዳው ከየትኛው የአካል ክፍል እንደ ተቈረጠ ስላልተመረጠና በመጭመቂያ ስላልታመቀ ነው። ከጀርባ ተመርጦ፣ በዛፍ ልጥ ተለፍቶ፣ በሞርሳ ታምቆ የተሠራው ግን ለሕዝብ መጫወቻ ቤት የማይበቃበት ምክንያት አይታይም። ይህ ፋብሪካ የሚያስተክል ንግድ አይደለም፤ ክብ መብሻና ሞርሳ ላለው አንድ ጫማ ሰፊ ግን የትርፍ ሰዓት እንጀራ ሊሆነው ይችላል። የቆዳ ፋብሪካዎች ከተሰባሰቡባት ከሞጆ ወይም ከባሕር ዳር ጥቂት የሶል ቆዳ አስመጥቶ መሞከር ብዙ ካፒታል አይጠይቅም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ዕቃው ከውጭ መግባቱ ይቀጥላል፤ አስመጪውም ማወቅ የሚገባው ጥቂት ነገር አለ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ስያሜ የቢሊያርድና የፑል ዕቃዎች በቍጥር 9504.20 ይመደባሉ። የጫፍ ጠመኔውም ከመጻፊያ ጠመኔ ጋር በ9609 ሳይሆን ከቢሊያርድ ዕቃዎች ጋር በ9504 የሚመደብ ነው፤ በደረሰኙ ላይ በደፈናው «ጠመኔ» ተብሎ እንዲጻፍ የሚተው አስመጪ በጉምሩክ ፊት ራሱን ላላስፈላጊ ክርክር ያቀርባል። የቆዳው ልክም በሚሊሜትር ይገለጽ። ለፑል ዘንግ የተለመደው 13 ነው፤ በዓለም አቀፉ የፑል ደንብ ከ14 መብለጥ የለበትም። ለስኑከር ዘንግ የሚሆነው ከ9 እስከ 10 ያለው ለፑል ዘንግ ይጠብባልና ሁለቱ በአንድ ሣጥን ተቀላቅለው እንዳይላኩ በትእዛዙ ላይ መጻፍ አለበት።

ባለሱቁ ደግሞ ስንት ይያዝ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አራት ዘንግ ያለው አንድ ቤት እያንዳንዱን በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይለውጣል ቢባል፣ በዓመት 16 ቆዳ ይፈልጋል። ይህ ዕቃ በብዙ ጊዜ 50 በአንድ ሣጥን ሆኖ ስለሚሸጥ፣ አንድ ሣጥን ሦስት ቤቶችን ለዓመት አገልግሎ ሁለት ይተርፋል። በትንሽ ከተማ ላለ ሱቅ አንድ ሣጥን የ13፣ ግማሽ ደርዘን የወፈረ ሱፐር ግሉ፣ ጥቂት ጠመኔና ብርጭቆ ወረቀት ለጊዜው በቂ ነው። አዲስ ዘንግ የሚሸጥ ነጋዴ ቆዳ ብሸጥ ዘንጌ ይቀርብኛል ብሎ እንዳይሠጋ፤ ዘንግ የሚገዛው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣ ይሆናል፣ ቆዳና ጠመኔ የሚገዛው ግን በየወሩ ደጁን ይረግጣል። ቆዳው በክረምት እርጥበት እንዳይገባበት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚሸጡት ዘንጎችም ግድግዳ ተደግፈው ሳይሆን ተጋድመው ወይም ተሰቅለው ይቆዩ፣ በመደገፍ ብዛት ይጎብጣሉና።

ሣጥኑ ሲደርስ ሳይከፈት መጋዘን አይግባ። ከውስጡ አምስት ስድስት ቆዳ አውጥቶ አንድ በአንድ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ ከጉልበት ከፍታ መጣል ነው፤ ጥቅጥቅ ያለው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ልሉ ግን ድፍን ድምፅ አሰምቶ ይቀራል። በጣት ተጭኖ የሚረግብ፣ ጎኑ ላይ የተከፈተ ሽፋን የሚታይበት ወይም ውፍረቱ በአንድ ወገን የሚያንስ ከተገኘ ቍጥሩ ተመዝግቦ፣ ናሙናው ተይዞ፣ ቀሪው ሒሳብ ከመከፈሉ በፊት ለላኪው ይጻፍለታል።